ስቶል፡- ክንፍ ሲከዳ መሪው ወዴት ይገፋል?

አንዳንድ የሙያ ቃላት ከባለሙያው ጓዳ ወጥተው ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚደርሱት በሐዘን ቀን ነው። "ስቶል" የሚለው ቃልም ወደ እኛ የመጣው እንደዚሁ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውም ጋዜጣውም ስለ "ፀረ ስቶል" ሥርዓት ደጋግሞ ነገረን። ብዙዎቻችን ግን ስቶል ራሱ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባን ስለ ፀረ ስቶሉ ተከራከርን። "አብራሪዎቹ እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ" ያለም ነበር፤ "ሁሉም የማሽኑ ጥፋት ነው" ያለም ነበር። አብዛኛው ሰው ፍርዱን የሰጠው መዝገቡን ሳያገላብጥ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው የሕግ ምሩቅ እንጂ የበረራ ባለሙያ አይደለም። ይሁንና ሕግ ከሚያስተምራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ከፍርድ በፊት ፍሬ ነገሩን መለየት ነው። ስለሆነም ስቶል ምን እንደሆነ፣ አብራሪው ከስቶል ለመውጣት የትኛውን መቆጣጠሪያ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠቀም፣ ይህ ዕውቀት በእኛው የበረራ ታሪክ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያሳይ ለአንባቢ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሦስት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋዎች ጉዳዩን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። በመጀመሪያው ሞተሮቹ ጠፉ፣ ክንፉ ግን አልከዳም። በሁለተኛው ሞተሮቹ እየሠሩ ክንፉ ከዳ። በሦስተኛው ሞተሩም ክንፉም ደህና ሆነው ሳለ ኮምፒዩተሩ "ክንፉ ሊከዳ ነው" ብሎ አመነ። ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ሰው የስቶልን ነገር አብዛኛውን አወቀ ማለት ነው።

ለመሆኑ ስቶል ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ ቃሉ ለመኪናም ያገለግላል፤ ሞተር ድንገት ጠፋ ለማለት። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው አውሮፕላን ስቶል አደረገ ሲባል ሞተሩ ቆመ ማለት ይመስለዋል። በበረራ ግን ስቶል የሞተር ሳይሆን የክንፍ ጉዳይ ነው።

ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር በሚገሰግስ መኪና ውስጥ ያለ ሰው መዳፉን በመስኮት አውጥቶ ቢዘረጋ ነገሩን በእጁ ይረዳዋል። መዳፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ሲይዘው ነፋሱ ከላይና ከታች ያልፋል። የፊቱን ጠርዝ ትንሽ ቀና ሲያደርገው እጁ ወደ ላይ ይነሳል። ይበልጥ ሲያቀናው ይበልጥ ይነሳል። ከመጠን በላይ ሲያቀናው ግን እጁ መነሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋል። የአውሮፕላን ክንፍም እንደዚሁ ነው። ክንፉ ከፊት የሚመጣውን አየር የሚቀበልበትን ማዕዘን "የነፋስ ማዕዘን" እንበለው። ማዕዘኑ እየጨመረ ሲሄድ የማንሳት ኃይሉም ይጨምራል። እንደ ክንፉ ዓይነት ቢለያይም በተለመደው ክንፍ 15 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን በክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የሚያልፈው አየር ይላቀቅና ይታወካል። ያን ጊዜ የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል፤ አውሮፕላኑም አብሮ ይወርዳል። ስቶል ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ተነስተን ሦስት ነጥቦችን መያዝ ይበጃል። አንደኛ፣ ስቶል የሚወሰነው በማዕዘን እንጂ በፍጥነት ብቻ አይደለም። አብራሪዎች "የስቶል ፍጥነት" የሚሉት አለ፤ ነገር ግን እሱ በክብደትና በመታጠፍ ይለዋወጣል። አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ አጋድሎ ቢታጠፍ የስቶል ፍጥነቱ በ41 በመቶ ያድጋል። ሁለተኛ፣ አፍንጫው ወደ መሬት የተደፋ አውሮፕላንም ስቶል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ቁም ነገሩ አፍንጫው ወዴት መጠቆሙ ሳይሆን አየሩ ከወዴት መምጣቱ ነውና። ሦስተኛ፣ ከፍታ ነገሩን ያከብደዋል። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እንጅባራ ከዚያም ከፍ ትላለች። በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ የማንሳት ኃይል ለማግኘት አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ ይቀንሳል። በመሆኑም በደጋ ላይ ከስቶል ለመውጣት የሚያስፈልገው የቁመት ስንቅ ከቆላው ይበልጣል።

አብራሪው አደጋው መቃረቡን የሚያውቅባቸው ምልክቶች አሉ። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ጎን እንደ ነፋስ ጠቋሚ የምትዞር ትንሽ ምላስ አለች፤ የነፋስ ማዕዘኑን ትለካለች። ማዕዘኑ ወደ ድንበሩ ሲጠጋ በብዙ አውሮፕላኖች መሪው በአብራሪው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ በኤርባስ ደግሞ "ስቶል፣ ስቶል" የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ከዚህ አልፈው መሪውን በራሳቸው ወደ ፊት ይገፋሉ።

መቆጣጠሪያዎቹና ቅደም ተከተላቸው

አብራሪው በእጁም በእግሩም የሚያዛቸው ዋና ዋና ነገሮች አምስት ናቸው። በጅራቱ አግድም ክንፍ ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ያነሳል፣ ይደፋል። መሪው ወደ ደረት ሲሳብ አፍንጫው ይቀናል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ይደፋል። በክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ያሉት ኤለሮኖች አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያጋድሉታል። በቁም ጅራቱ ላይ ያለው ራደር በእግር መርገጫ ይታዘዛል፤ አፍንጫውን ወደ ጎን ያዞራል። አራተኛው ትሪም ነው፤ በትላልቆቹ ጀቶች አግድሙን ጅራት በሙሉ ቀስ እያለ በማንቀሳቀስ የአብራሪውን ክንድ ከረጅም ጊዜ ትግል ያሳርፈዋል። አምስተኛው የሞተሩ የጉልበት እጀታ ነው።

የስቶል ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው ሥልጠና የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይዟል።

መጀመሪያ አውቶፓይለቱና የሞተር ጉልበቱን በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት ይለያያሉ። አብራሪው የሚያደርገውን ነገር ማሽኑ ከጀርባው እንዳያፈርስበት ነው።

ሁለተኛ መሪው ወደ ፊት ይገፋል፤ ማስጠንቀቂያው እስኪጠፋ ድረስ። ከሁሉ የሚቀድመው፣ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠልበት እርምጃ ይህ ነው። የነፋስ ማዕዘኑን መቀነስ ካልተቻለ ምንም ያህል ጉልበት ቢጨመር ክንፉ አያነሳም። የመሪው ግፊት ብቻውን ካልበቃ ትሪሙም ወደ መድፋት ይታገዛል።

ሦስተኛ ክንፎቹ ይቃናሉ፤ ግን ከሁለተኛው በኋላ። ክንፉ ስቶል ውስጥ እያለ የወደቀውን ጎን በኤለሮን ለማንሳት መሞከር የዚያኑ ክንፍ ማዕዘን ይጨምርና ውድቀቱን ሊያብሰው ይችላል። ራደሩንም በኃይል መርገጥ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ኒውዮርክ ላይ የወደቀው የአሜሪካን ኤርላይንስ ኤርባስ ስቶል አላደረገም፤ ከፊቱ በሄደ አውሮፕላን የታወከ አየር ውስጥ ሲገባ ራደሩ በተደጋጋሚ ወዲያና ወዲህ በመረገጡ የቁም ጅራቱ ተገንጥሎ 265 ሰዎች አልቀዋል።

አራተኛ የሞተር ጉልበት እንደ አስፈላጊነቱ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገረማል። ሞተሮቹ ከክንፍ በታች በተንጠለጠሉበት እንደ ቦይንግ 737 ባለ አውሮፕላን ድንገተኛ ጉልበት አፍንጫውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ ያለጊዜው ከመጣ አብራሪው ሊደፋው የሚታገለውን አፍንጫ መልሶ ያቀናዋል።

አምስተኛ በክንፍ ጀርባ ላይ የተነሱ የፍጥነት ማብረጃዎች ካሉ ይታጠፋሉ። በመጨረሻም አውሮፕላኑ በዝግታ፣ ሁለተኛ ስቶል እንዳይከተል ተጠንቅቆ፣ ወደ መንገዱ ይመለሳል።

ልጓምን ማላላት

ይህን ቅደም ተከተል መሸምደድ ቀላል ነው፤ መፈጸም ግን ከሰው ተፈጥሮ ጋር ያጋጫል። የሚወድቅ ሰው የያዘውን ይስባል እንጂ አይገፋም።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፈረስ አገር ነው። በጥር ወር በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራን የሚያውቋት ሁሉ ይህን አይስቱትም። ከፈረስ ጋር ያደገ ሰው ደግሞ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ሽቅብ ሲቆም ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ጀማሪ ጋላቢ ደንግጦ ልጓሙን ወደ ራሱ ይስባል፤ ያን ጊዜ ፈረሱ ወደ ኋላ ተገልብጦ ላዩ ላይ ይወድቅበታል። የለመደው ግን ልጓሙን አላልቶ ወደ ፈረሱ አንገት ይደፋል። ፈረሱም ይወርዳል። የስቶል ትምህርት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ለመዳን ሲባል ለጊዜው ቁመትን መልቀቅ ነው።

ይህን ለማድረግ አለመቻል በ2001 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ትልልቅ አደጋዎች አድርሷል። የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ሲወድቅ 50 ሰዎች ሞቱ። መሪው ሲንቀጠቀጥ ዋና አብራሪው ወደ ራሱ ሳበው፤ ማሽኑ መሪውን ወደ ፊት ሲገፋም ታገለው። አውሮፕላኑ የእኛ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ መስመሮች ከሚጠቀምባቸው ቦምባርዲየር ኪው 400 አውሮፕላኖች ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ሆኖም ምርመራው ለአደጋው ምክንያት ያደረገው አውሮፕላኑን ሳይሆን የአብራሪውን ምላሽ ነው። ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ደግሞ ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ በረራ 447 አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ገብቶ 228 ሰዎች አለቁ። የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ተደፍነው አውቶፓይለቱ ሲለቅ ረዳት አብራሪው መሪውን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ እንደሳበ ቆየ። አውሮፕላኑ ከ38 ሺሕ ጫማ ቁመት በሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ባሕሩ ላይ ደረሰ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ የሚለካው ፍጥነት እጅግ ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ይቋረጥ ነበር፤ አፍንጫው ሲደፋ ግን እንደገና ይጮህ ነበር። ትክክለኛውን ነገር ያደረገ ሰው ተግሳጽ፣ የተሳሳተው ዝምታ ተከፈለው ማለት ነው።

ጥፋቱ የግለሰቦች ብቻ እንዳልሆነ የታየውም ያኔ ነው። ለብዙ ዓመታት ሠልጣኞች በሲሙሌተር ይፈተኑ የነበረው ቁመት ሳያጡ ከስቶል አፋፍ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው በመውጣት ነበር። ጥቂት ጫማ የወረደ ሠልጣኝ ነጥብ ይቀነስበት ነበር። ሥልጠናው ራሱ እጅን መሳብ አስተምሮታል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ይህን አስቀርቶ የነፋስ ማዕዘን መቀነስን ከቁመት መጠበቅ አስቀደመ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 አውሮፕላንን ከመስመር መውጣት የመከላከልና የመመለስ ሥልጠና መመሪያ አሳተመ።

ሞተር የለም፣ ክንፍ አለ፡- ኮሞሮስ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው በረራ 961 በሦስት ጠላፊዎች እጅ ወደቀ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን ብለው የነዳጁን ነገር ሊሰሙ አልፈቀዱም። ነዳጁ አለቀ፤ የቦይንግ 767ቱ ሁለት ሞተሮችም ተራ በተራ ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገለ አውሮፕላኑን እያንሸራተተ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ።

ሞተር የሌለው አውሮፕላን ለምን እንደ ድንጋይ አልወደቀም ቢሉ መልሱ ቀደም ሲል ያየነው ነው። አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይዞ ቁመቱን በፍጥነት ስለለወጠ ክንፉ እስከ መጨረሻው አየር አላጣም። አፍንጫውን አቅንቶ ቁመት ለማትረፍ ቢሞክር ኖሮ አውሮፕላኑ ውኃው ዘንድ ሳይደርስ ስቶል ያደርግ ነበር።

ለአዊና ለጎጃም ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የባሕር ዳሩ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር የተነሳ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ የእርግብ መንጋ ዋጡ። ሞተሮቹ ጉልበት ሲያጡ አውሮፕላኑ ጎማ ሳያወርድ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። 35 መንገደኞች ሞቱ፤ ከ104ቱ 69 ሰዎች ተረፉ። ሐዘኑ ትልቅ ቢሆንም፣ ወደ መሬት በቁጥጥር የሚወርድ አውሮፕላን የመትረፍ ዕድል እንደሚሰጥ ቁጥሩ ይናገራል።

ሞተር አለ፣ ክንፍ የለም፡- ቤይሩት

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት፣ በረራ 409 ነጎድጓድ በከበበው ሰማይ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ቦይንግ 737-800 አውሮፕላኑ ከተነሳ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ገባ፤ 90ዎቹም ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች አለቁ።

የሊባኖስ መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው ሞተሮቹ እየሠሩ ሳለ የስቶል ማስጠንቀቂያው ተሰምቷል፤ አውሮፕላኑ ስቶል አድርጎ፣ አጋድሎ፣ እየተሽከረከረ ወርዷል። ሪፖርቱ ምክንያቱን የሰጠው አብራሪዎቹ ፍጥነትን፣ ቁመትን፣ አቅጣጫንና የአውሮፕላኑን አቋቋም በወጉ አለመምራታቸው፣ የመቆጣጠሪያዎቹ አጠቃቀም ወጥነት ማጣቱና በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ሊኖር የሚገባው መደጋገፍ መጓደሉ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን መደምደሚያ አልተቀበለም። ሪፖርቱ ወገናዊና ያልተሟላ ነው፣ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ፍንዳታ ደርሶበት ሊሆን ይችላል ሲል ተከራክሯል።

ክርክሩን እዚህ ለመፍታት አንሞክርም። ለርዕሳችን የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር አለ። በጨለማ፣ በደመና ውስጥ፣ አድማስ በማይታይበት ጊዜ የሰው ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ያታልላል፤ የተጋደለው ቀጥ ያለ፣ የሚወርደው የሚወጣ ይመስላል። እንደዚያ ባለ ሰዓት የሚያድነው መሣሪያውን ማመንና አንዱ አብራሪ የሌላውን ስህተት ቶሎ ጮክ ብሎ መናገሩ ነው። በዕድሜና በማዕረግ መከባበር ሥር በሰደደበት አገራችን ይህ ሁለተኛው ነገር ከሲሙሌተር ሰዓት እኩል ሊሠራበት የሚገባ ነው። "ጌታዬ፣ ፍጥነታችን እየወረደ ነው" ማለት ድፍረት ሳይሆን ግዴታ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ስቶል የለም፣ ማስጠንቀቂያው አለ፡- ቢሾፍቱ

አሁን ወደ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እንመለስ። ቦይንግ ኩባንያ በ737 ማክስ ላይ የገጠማቸው ሞተሮች ከቀድሞዎቹ ይተልቃሉ፤ ስለሆነም ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍተው ተተከሉ። በዚህ ሳቢያ የነፋስ ማዕዘኑ ከፍ ሲል አፍንጫው ይበልጥ ወደ ላይ የመሄድ ዝንባሌ አሳየ። ኩባንያው መፍትሔ ያደረገው በምህፃረ ቃል "ኤምካስ" የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ማዕዘኑ ከፍ ሲል፣ አውቶፓይለቱ ሲጠፋና ፍላፖቹ ሲታጠፉ፣ ኤምካስ አግድሙን ጅራት በራሱ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ይደፋል።

ችግሮቹ ግን ብዙ ነበሩ። ሥርዓቱ የሚሰማው ሁለት ከሆኑት የማዕዘን መለኪያዎች አንዱን ብቻ ነበር። አብራሪው በትሪም ሲያስተካክለው ቆይቶ እንደገና ይጀምር ነበር። በቀድሞዎቹ 737 አውሮፕላኖች መሪውን ወደ ኋላ መሳብ በራሱ የሚሄድን ትሪም ያስቆም ነበር፤ ለኤምካስ ግን ይህ መከላከያ እንዳይሠራ ተደርጓል። ከሁሉ በላይ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610 ወድቆ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ የአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ስለ ሥርዓቱ አሠራር አልነገራቸውም።

በበረራ 302 ላይ ከመነሳት በኋላ ወዲያው የግራው መለኪያ የነፋስ ማዕዘኑን 74.5 ዲግሪ ብሎ መዘገበ፤ የቀኙ 15.3 ብቻ ይል ነበር። የዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው ድረስም ማለት ይቻላል አላቆመም። ካፒቴኑ የ29 ዓመት ወጣት፣ የ8,122 ሰዓት የበረራ ልምድ ያለው ነበር፤ ረዳቱ አህመድ ኑር መሐመድ የ25 ዓመት፣ 361 ሰዓት የበረረ። ፍላፖቹ ሲታጠፉ ኤምካስ ነቃና አፍንጫውን መድፋት ያዘ።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል የዘረዘርነው ሕግ ይገለበጣል። እውነተኛ ስቶል ቢሆን መሪው ወደ ፊት ይገፋ ነበር። የእጃቸው መንቀጥቀጥም "ግፋ" ይላቸው ነበር። አውሮፕላኑ ግን ስቶል አላደረገም፤ ወደ መሬት የሚደፋቸው መድኃኒት ተብሎ የተገጠመው ማሽን ነው። አብራሪዎቹ ይህን ለይተው መሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ መሠረት የትሪሙን ኤሌክትሪክ አጠፉ። ቀጥሎ ትሪሙን በእጅ መንኮራኩር ማዞር ነበረባቸው፤ መንኮራኩሩ ግን እምቢ አለ። የሞተሮቹ ጉልበት ከመነሻው እንዳለ ስለነበር ፍጥነቱ ከተፈቀደው 340 ኖት አልፏል፤ በጅራቱ ላይ ያረፈው የአየር ጫና ለሰው ክንድ የሚቻል አልሆነም። ጫናውን ለማቅለል መሪውን ለአፍታ ማላላት የሚባል የቆየ ዘዴ አለ፤ እሱ ግን ቁመት ይጠይቃል፤ ከሥራቸው ያለው የሸዋ ደጋ ደግሞ ቅርብ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ አንድ ጊዜ ነቃ፤ በዚያው አበቃ።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት ምክንያቱን በተሳሳተ መለኪያ የተቀሰቀሰው ኤምካስ ላይ አድርጓል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት የኤምካስን ድርሻ ተቀብለው፣ የአብራሪዎቹ አሠራር በቂ ትንታኔ አልተሰጠውም የሚል አስተያየት አቅርበዋል። ይህም በመዝገቡ ላይ አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። የሞተሩ ጉልበት አለመቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን በእጁ ላይ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ እየተንቀጠቀጠ፣ የማያውቀውን ማሽን እየታገለ ላለ ሰው ስድስት ደቂቃ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ሳይመዝኑ "ለምን ጉልበቱን አልቀነሰም" ማለት ሚዛኑን የሳተ ፍርድ ነው።

ተጠያቂነት ከዕውቀት ጋር

በሕግ አስተሳሰብ አንድ ሰው ባልፈጸመው ግዴታ የሚጠየቀው ግዴታውን ሊያውቀው ይችል በነበረበት መጠን ነው። አብራሪ የአውሮፕላኑ አዛዥ ነው ስንል መቆጣጠሪያዎቹ የእሱ ናቸው ማለታችን ነው። ከእሱ ደብቆ መሪውን የሚሻማ ሥርዓት የገጠመ አምራች አዛዥነቱን ተካፍሏል፤ አዛዥነቱን የተካፈለ ደግሞ ኃላፊነቱንም መካፈል አለበት።

ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሄደበት መንገድ ይህን በከፊል ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማታለል ሴራ ተከሶ፣ ክሱ እንዲዘገይለት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች የተመደበ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በበረራ 302 ሟቾች ቤተሰቦች የፍትሐ ብሔር ክስ አውሮፕላኑ አደገኛ ጉድለት እንደነበረበት አምኖ የካሣ ኃላፊነቱን ብቻውን ተቀበለ። የወንጀሉ ክስ ግን ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጥያቄ ተዘጋ። ብዙ የሟች ቤተሰቦች ይህን ተቃውመዋል። ካሣ የጎደለውን ኑሮ በተወሰነ መጠን ይሞላል፤ ማን ምን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ በአደባባይ የሚያጣራ ችሎት ግን አይተካም።

ማክስ አውሮፕላኖች በመላው ዓለም ከበረራ ታግደው ከቆዩ በኋላ ሥርዓቱ ተስተካክሎ ተመልሰዋል። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም መለኪያዎች ያመሳክራል፤ ለአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው በማይችለው መጠን አይሄድም። አብራሪዎችም በሲሙሌተር ይለማመዱታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጥር 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ ሥራ መልሷል።

እነዚህ ማስተካከያዎች ቀድሞውኑ ሊደረጉ የሚችሉ ነበሩ። አንዳቸውም አዲስ ሳይንስ አልጠየቁም። የጠየቁት መሪውን ለያዘው ሰው እውነቱን መንገርን ነው። ከእንጅባራም ከዳንግላም ተነስቶ ባሕር ዳር ሄዶ የሚሳፈር መንገደኛ የነፋስ ማዕዘን ምን እንደሆነ ማወቅ ላይኖርበት ይችላል። ከፊቱ በተዘጋው በር ጀርባ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ግን መቼ መግፋት፣ መቼ መሳብ እንዳለባቸው፣ ማሽኑም በስማቸው ምን እንደሚያደርግ ሙሉ በሙሉ ማወቃቸውን የመጠየቅ መብት አለው። ትኬት ሲገዛ የገዛው ይህንንም ጭምር ነው።